ግራ ዓይኑ

«ጥላሽ የት አለ?» አለኝ የሥዕል አስተማሪያችን፣ ከኋላዬ ቆሞ ወረቀቴን እያየ።

«ቤት ረስቼው መጣሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ምን አጠፋሁ? ሰኔ ገብቷል፤ ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ጎንደር ላይ ተደፍቷል፤ ከቁስቋም ቁልቁል ስወርድ እናቴ «ጥላሽን ያዢ!» ብላ ጮኻብኝ እንዳልሰማ ሆኜ መጥቻለሁ። ሰውዬው የጠየቀኝ ግን ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ እንቁላል ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ አንድ እንቁላል አስቀምጦ ሣሉ ብሎናል። እኔ እንቁላሉን በአንድ ጥቁር መስመር ዙሪያውን አጥሬ፣ ውስጡን ነጭ ትቼ ጨርሻለሁ። እሱ የፈለገው ግን መስኮቱ ያላበራውን ጎን፣ ጨርቁም ላይ የወደቀውን ጥቁረት ነው። ጥላ የሚለው ያንን ነው። ዝናብ የሚከለክለውም ጥላ፣ ዛፍ ሥር ያለውም ጥላ፣ እንቁላሉ ሆድ ላይ ያለውም ጥላ! ለሦስቱ አንድ ቃል ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለውን አውቅ ነበር።

አስተማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ በከሰል የጠቆረ ወጣት ነበር። ትምህርት ቤታችን ጣሊያን ትቶት በሄደ ቤት ውስጥ ስለነበር ክፍሉ መስኮት በመስኮት ነው፤ እሱ ግን ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም በጋዜጣ ሸፈናቸው። «ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ» ይለናል። «መስመር አትሥሩ። በዓለም ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም። ያለው ብርሃንና ጨለማ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ መስመር ይመስላችኋል።»

ይህን ስሰማ በእውነት ደነገጥኩ። መስመር ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ አጎቴ ደግሞ በሥዕል አይሳሳትም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት የሚሥል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ ዘንድ እየሄድኩ ቀለም ፈጭቼለታለሁ፤ አቡጀዲውን ሙጫ ቀብቼ ወጥሬለታለሁ። የእሱ ሥራ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በመስመር ነው። ቀይ ከሆነ ቀይ፣ ቢጫ ከሆነ ቢጫ፤ ፊት ሁሉ እንደ ሙሉ ጨረቃ የበራ ነው፤ በየትም ወገን አይጨልምም። አንድ ሕግ ደግሞ አለው፤ ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ወደ ጎን ይዞራሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ያን አንድ ዓይን ያየ ሰው፣ ፊደል ባይቆጥርም፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ ያውቃል።

አንድ ቀን ለአስተማሪው ስለ አጎቴ ሥዕሎች ነገርኩት። «አውቃቸዋለሁ፣ ያምራሉ» አለኝ። «ጥላ ግን የላቸውም።» ያን ዕለት በንዴት ምሳዬን አልበላሁም። በእኛ ዘንድ ጥላ የሌለው ሰው ጥላ ቢስ ነው፤ ገና ከደጅ ሲገባ የሚያስጠላ፣ ሰው የማይቀርበው። ቅዱሳን ጥላ ቢስ? ደግሞ ማታ ጋደም ስል፣ ሰውዬው እንዲህ ማለቱ እንዳልሆነ ገባኝና በራሴ ተናደድኩ። ያን ዓመት የምናደድበት አላጣሁም ነበር።

ነገሩ የተማሪ ግራ መጋባት ሆኖ በቀረ ደግ ነበር። ግን ያን ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ አባቴን ቀብረናል።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ጥላው የከበደ ሰው ነው፤ ሲገባ ልጆች ጫጫታ እናቆማለን። በጣሊያን ጊዜ የሊማሊሞ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ጠርቧል። ሌላ ምን እንደሠራ፣ ሌላ ይሥራ አይሥራ፣ አላውቅም። በለቅሶው ላይ ግን የአባቴ የአጎት ልጅ፣ አርማጭሆ በረሃ ከአርበኞች ጋር የከረመና ይህንንም ሰው እንዲረሳው የማይፈቅድ ዘመዳችን፣ ሰው በሞላበት ድንኳን ውስጥ «እግዜር ይማረው፤ ባንዳም ቢሆን ሰው ነው» አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሱ አፍ ግን ያመለጠው አይመስለኝም፤ ከቤቱ አዘጋጅቶት የመጣ ነገር ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሰው ሲበተን ግን ጠራችኝ።

«ለሙት ዓመቱ አባትሽን ትሥይልኛለሽ» አለችኝ። «በትልቁ። ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ። እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ይየው።»

«ማንን ነው የሚያየው?»

«ያንን ነዋ! በሁለት ዓይኑ ይየው፤ ዘመድ አዝማዱም ይይለት።»

እንግዲህ የተጣለብኝ ነገር ይህ ነበር። የአባቴ ስም በእኔ ብሩሽ ሊመለስ ነው። እኔ ደግሞ እንቁላል እንኳ መሣል ያቃተኝ ልጅ ነኝ።

ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ራሱን አባቴን ጠይቄዋለሁ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ መሮውን እየሳለ ነበር፤ ብርሃኑ አንድ ጉንጩ ላይ ነው። «ለጣሊያን ሠርተሃል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አልኩት። «ድንጋይ ጠርቤያለሁ» አለኝና ፊቱን ወደ ቤቱ ውስጥ መለሰ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

ፎቶግራፉም ቢሆን አንድ ብቻ ነው ያለን፤ ያውም በጣሊያን ጊዜ ለሥራ መታወቂያ የተነሣው ጉርድ። እናቴ በሙዳይ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ ታኖረዋለች። ሲነሣ ከአንድ ግንብ ጥግ አቁመውት ይሁን ወይም ፀሐይዋ ዘንበል ብላ፣ የፊቱ ቀኝ በርቷል፤ ግራው ግን የለም። ከአፍንጫው ወዲያ ጥቁር ነው። ጆሮ የለ፣ ጉንጭ የለ፣ ዓይን የለ። ፎቶግራፉን በያዝኩ ቁጥር ግራ የሚገባኝ እዚያ ግራው ላይ ነበር። አባቴን ሥዪ ተብዬ የተሰጠኝ የአባቴ ግማሽ ነው፤ የተሰጠኝም ግማሽ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ነው።

መስከረም ላይ አስተማሪው አዲስ ዘዴ አመጣ። «ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ» አለን። «ዝርዝሩ ይጥፋ፤ የበራውና የጨለመው ብቻ ይቅር።» እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ እስኪያስጠላ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የፋሲልን ግንብ ጨፈን ብዬ አያለሁ፤ የሰዉን ፊት ጨፈን ብዬ አያለሁ፤ ሽቅብ ወደ ቁስቋም የሚወጡትን አህዮች ሳይቀር ጨፈን ብዬ አያለሁ። እናቴ አንድ ሳምንት ዝም ብላ ታዘበችኝ። ከዚያ «ዓይንሽን ምን ነካው? የሰው ዓይን ነው» ብላ፣ ብለምን ብምል አልሰማ ብላ፣ ጸበል አስጠመቀችኝ። በቀዝቃዛ ውኃ እየተንቀጠቀጥኩ «የትምህርት ነው! የትምህርት ነው!» ብል፣ ቄሱ «ጋኔኑ ትምህርት ነኝ ይላል?» ብለው ጨምረው አፈሰሱብኝ።

ጥቅምት ላይ ሥራውን ጀመርኩ። አጎቴ ሙጫ የጠጣ ሸጋ አቡጀዲ ልኮልኛል። መስመር የለም የሚለውን ትምህርት ለጊዜው ወዲያ ብዬ፣ በማውቀው፣ በአጎቴ አያያዝ ጀመርኩ። እናቴ ዱካ የምንለውን በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ግራውን መጀመሪያ ሥዪ» አለችኝ።

«ግራውን ከየት አምጥቼ? ፎቶግራፉ ላይ የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ስትናገር እሥላለሁ። ከቀኙ ትንሽ ያንሳል አለች፤ አሳነስኩት። መሮ ሲመታ የተፈናጠረ ድንጋይ ቅንድቡ ሥር ጠባሳ ጥሎበታል አለች፤ እኔ ልጁ ሆኜ ያን ጠባሳ ልብ ብዬው አላውቅም። ሲስቅ ቀድሞ የሚጠበው ግራው ነበር አለች። ስቆ አይቼው ስለማላውቅ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን እኔን ትታ አቡጀዲውን ነበር የምታየው፤ ፊቷም ያልለመድኩት ዓይነት ሆኖብኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዓይኑ ሲያልቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሱው ነው» አለች።

የቀረውን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ጨረስኩት፤ ቀኝ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጢም፣ ጋቢ፣ ሁሉም በጥሩ መስመር። ደጅ፣ ብርሃን ላይ አውጥቼ አሳየኋት። ራቅ ብላም ቀረብ ብላም አየችው።

«ሸጋ ነው» አለች። «ግራ ዓይኑ እሱ ነው። ሌላው ሰውዬ ግን ማን እንደሆነ እንጃ።»

እውነቷን ነበር። ሁለት ዓይን ያለው፣ ያማረ፣ ማንም ሊሆን የሚችል ጻድቅ ነው የወጣልኝ። አለቀስኩ። በማግሥቱ አቡጀዲውን ጠቅልዬ ከነፎቶግራፉ ወደ አስተማሪው ወሰድኩት።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያይ ቆየ። «አባትሽ ያለው እዚህ ነው» አለኝ፣ ፎቶግራፉ ላይ ብርሃኑና ጥቁረቱ የሚገናኙበትን በጣቱ እያሳየ፤ ግንባሩ ላይ ጀምሮ በአፍንጫው ወርዶ አገጩ ላይ የሚሰበረውን። «ሰውን ሰው የሚያደርገው ይህ ነው። የጨለመውን አጨልሚ፤ እሱ ራሱ ይመጣል።» ከትምህርት ቤቱ የዘይት ቀለም ጥቂት ሰጠኝና አንድ ምክር ጨመረ። «ብርሃኑን ወፍራም አድርጊ፤ ጨለማውን ግን ስስ። ጨለማ ከወፈረ ግድግዳ ይሆናል። ስስ ከሆነ ዓይን ይገባበታል።»

«የማን ዓይን?» አልኩት።

አየኝ፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

እናቴ ገበያ በወጣችበት ቀን አቡጀዲውን በሩ አጠገብ አቁሜ ጀመርኩ። ቡኒና ሰማያዊ ቀላቅዬ፣ በዘይት አቅጥኜ፣ በፊቱ ግራ ላይ አለበስኩት። ጉንጩ ጨለማው ውስጥ ገባ፤ ጆሮው ገባ። ዓይኑ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ ስሱን ቀለም በላዩ ሳብኩበት። በቀኙ ግንባርና ጉንጭ ላይ ብርሃኑን በወፍራሙ ስጭን፣ አቡጀዲው ላይ የነበረው ጠፍጣፋ ሰውዬ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። አፍንጫው ተነሣ። አገጩ ያችን የማውቃትን እልኸኛ አገጭ ሆነች። ወደ ኋላ ስሸሽ ዱካውን ጣልኩት። አባቴ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ «ድንጋይ ጠርቤያለሁ» ሊለኝ ነው።

እናቴ ከነዘንቢሏ ገባች። በመጀመሪያ አፏ ተከፈተ፤ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደች። አወቀችው አልኩ። ከዚያ ግራውን አየችው።

«ዓይኑን አጠፋሽው!»

«እማዬ፣ አላጠፋሁትም፣ ጥላ ነው...»

«እኔ የነገርኩሽን ዓይን! ከፎቶግራፉ ላይ ጣሊያን አጠፋው፤ ከእኔ ቤት አንቺ ታጥፊው? ያ ሰው ያለውን በእጅሽ አደረግሽለት። ይሁዳ አደረግሽው!»

ልፋቀው፣ መልሼ ላውጣው አልኳት። «እጅሽ አይንካው!» አለች። ሥዕሉን ወደ ግድግዳው አዞረችውና በነጠላዋ ሸፈነችው። ግራ የገባኝ ይህ ነው፤ ከጠላችው ለምን እንድፋቀው አትፈቅድም? ከወደደችው ለምን ታዞረዋለች? ለብዙ ቀን ከእኔ ጋር የተነጋገረችው «ብዪ» እና «ዝጊ» ብቻ ነበር። እኔ ቤት በሌለሁበት ጊዜ ግን ነጠላው ቦታውን እየቀየረ አገኘው ነበር።

አጎቴ ለሙት ዓመቱ ዋዜማ ከትክል ድንጋይ መጣ። እናቴ ነጠላውን ገፍፋ «እየው አያ፣ ልጅህ የሠራችውን» አለችው። አጎቴ በትሩን ተደግፎ ቆሞ አየ።

«ምነው ይህን ወገን አጨለምሽው?» አለኝ።

«ብርሃኑ ከቀኝ ስለሚመጣ ነው።»

«ብርሃን ከቀኝ ብቻ? ግራው የማን ሊሆን ነው?»

አስተማሪው ቢሆን ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። አጎቴ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። «ሰውዬውስ እሱው ነው» አለ። «ቁርጥ እሱን። እኔ ስንቱን ስሥል ኖሬ አንድ ሰው አስመስዬ አላውቅም። ግን አንድ ዓይን ነው፤ አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።» ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕሉ አልተነሣም። በቃ፣ አይሰቀልም አልኩ በልቤ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሥዕሉ ተሰቅሏል። እናቴ ቀድማን ሄዳ ራሷ ሰቅላዋለች፤ የበራው ጉንጩ ወደ በሩ፣ ልክ በሕይወቱ ሲቀመጥ እንደነበረው። ለምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋት፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም ነበር። እንግዶች እየገቡ «እግዜር ይማረው» ይላሉ፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ቃሉ አፋቸው ላይ ይቀራል። አንዲት አክስቴ ለሥዕሉ እጅ ነሣች፣ ሳታስበው።

ያ አርበኛው ዘመዳችን ሲገባ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ጢሙን አሻሸ።

«ልጅቱ አዋቂ ናት» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። «እውነቱን ሣለችው። አንድ ዓይን።»

አባቴን በአንድ ዓይን ለዚህ ሰው አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናቴ የያዘችውን ሌማት አስቀመጠች።

«ዓይኑ አለ» አለች።

«የት አለ?»

«ከሥር ነው። ሲሣል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የድንጋዩ ጠባሳ ሳይቀር ተሥሏል። ልጄ ጥላ አለበሰችው እንጂ አላጠፋችውም። አንተ ስላላየኸው የለም?»

ሰውዬው እንዲፈርድለት ወደ አጎቴ ዞረ። የሕጉ ባለቤት እሱ ነዋ። አጎቴ ሥዕሉን አየ፣ እናቴን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ከሥር ተሥሏል?» አለኝ።

«አዎ፣ አያ። እናቴ እንደነገረችኝ አድርጌ።»

«ከተሣለማ ሁለት ዓይን ነው» አለ አጎቴ። «ለጻድቅ የሚሆን ነው» ብሎም ጨመረና እንጀራውን ቆረሰ።

ዘመዳችን የሚቀመጥበትን ፈለገ። የቀረው ቦታ በሥዕሉ ግራ፣ በጨለማው ወገን ነበር። እዚያ ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ተነሥቶ ሰዎችን ጠጋ ጠጋ በሉ ብሎ ወደ ቀኝ ተሻገረ። በልቶ እስኪሄድ ድረስም ቀና አላለም።

እንግዳው ሲሸኝ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ በበሩ ገብታ ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆሜ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። በጨለማው ውስጥ፣ ቅንድቡ ሥር፣ የሆነ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ስጠጋ የለም፤ ስርቅ ደግሞ ያለ ይመስላል። ያን ጊዜም አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። አባቴ ራሱም ባንዳ ይሁን አይሁን፣ እናቴም ታውቅ አታውቅ፣ አላውቅም።

እናቴ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ሥዕሉን ወደ ግድግዳው ካዞረችበት ቀን ወዲህ ያልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ ነበር።

«ጥላውን አላወፈርሽበትም አይደል?» አለችኝ።

ጨለማ ለምን ስስ እንደሚሆን ያኔ ገባኝ፤ አስተማሪው ግን ይህን ማለቱ አይመስለኝም።

«ስስ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«እንግዲያስ ያያል» አለችና በሩን ይበልጥ ከፍታ የተበተነውን ዕቃ ማንሣት ጀመረች።